ሠሪው በሌለበት ጠጋኙ፦ የእንጨት የጨዋታ መሣሪያዎችና የጥገና ሙያ በሐዋሳ



ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫው ከገበያ ይፈለጋል፤ መለዋወጫው ከጠፋም ዕቃው ይጣልና ሌላ ይገዛል። በእጅ የተሠራ ዕቃ ሲበላሽ ግን ንድፉ በወረቀት ያልሰፈረ፣ ልኩ በሠሪው ዓይንና እጅ ብቻ የተወሰነ፣ አምሳያውም በየትኛውም መደብር የማይገኝ በመሆኑ፣ ዕጣው ሙሉ በሙሉ በጠጋኙ ችሎታ ላይ ይወድቃል። ይህ ዲስኩር ከዚህ ሰፊ ጉዳይ አንድ ጠባብ መስክ መርጦ ይመረምራል፤ መስኩም ከእንጨት በእጅ የተሠሩ የጨዋታ መቆጣጠሪያዎችና መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ እነሱን ለመጠገን የሚበቃ ባለሙያ በሐዋሳ ከተማ፣ በተለይም በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማና በዙሪያው፣ እንዴት ሊገኝ እንደሚችል ይታይበታል። በእጅ የተሠራን ዕቃ የሚጠግን ሰው የዚያ ዕቃ ሁለተኛ ሠሪ ነው፤ ለመሥራት የሚሰጠውን ክብር ለመጠገን የማይሰጥ ከተማም የሠራውን ማቆየት አይችልም። የዲስኩሩ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

አስቀድሞ የቃሉን ወሰን መለየት ይገባል። የጨዋታ መቆጣጠሪያ ማለት የተጫዋቹን የእጅ እንቅስቃሴ ተቀብሎ በጨዋታው ሜዳ ላይ ወደሚታይ ድርጊት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ቃሉ ሲነሣ በብዙዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች በሁለት እጃቸው ይዘውት የሚታየው ጆይስቲክ ነው፤ ይሁንና በትርጉሙ መሠረት ከታየ በመንገድ ዳር የቆመው የጆተኒ፣ ማለትም የጠረጴዛ እግር ኳስ፣ እጀታም መቆጣጠሪያ ነው፤ የተጫዋቹን የክንድ ግፊትና የአንጓ ጥምዘዛ በብረት ዘንግ አሻግሮ ኳስ ወደሚመታ የእንጨት ሰው ያደርሳልና። ሁለቱን የሚለያቸው የመልእክቱ መተላለፊያ ነው፤ በጆተኒ መልእክቱ በብረትና በእንጨት ሲጓዝ በጆይስቲክ ደግሞ በኤሌክትሪክ ምልክት ይጓዛል። በእጅ የተሠራው የእንጨት ጆይስቲክ ሁለቱን ባሕርያት በአንድ አካል ያጣመረ በመሆኑ፣ ለጥገናው የሚያስፈልገው ሙያም ጥንድ ነው።

ከእንጨት የጨዋታ መሣሪያ መሥራት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ገበጣ፣ ማለትም በረድፍ በተደረደሩ ጉድጓዶች ጠጠር ወይም ፍሬ እየዘሩና እየሰበሰቡ የሚጫወቱት ጥንታዊ ጨዋታ፣ በአክሱም ሥልጣኔ ስፍራዎች፣ በየሐና በመጠራ፣ አሻራውን ትቷል፤ በእነዚህ ስፍራዎች የተገኙት የሸክላ ሰሌዳ ስብርባሪና በአለት ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይገመታል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ ከእነዚህም መካከል በኮንሶ የሚታወቀው፣ እያንዳንዳቸው 12 ጉድጓድ ባላቸው ሁለት ረድፎች የሚጫወቱት ላምላሜታ ይገኛል። መሬት ላይ የተቆፈረ ገበጣ ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ከእንጨት የተፈለፈለው ግን ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ሲሰነጠቅ የሚያያይዘው፣ ጉድጓዱ ሲሻክር የሚልገው እጅ ይሻል። ስለዚህ የእንጨት የጨዋታ ዕቃ ባለበት ሁሉ የጥገና ሥራም አብሮት ኖሯል ማለት ይቻላል።

ጆተኒ ከገበጣ በብዙ መቶ ዓመታት የሚያንስ፣ ከውጭ የመጣ ጨዋታ ነው። ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የተባለው እንግሊዛዊ በጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱት እግር ኳስ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1923 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ተስፋፍቶ ወደ ሌላው ዓለም ተዳርሷል። በኢትዮጵያ ከተሞች ጆተኒ ሥር የሰደደው የአገር አናጢና የአገር በያጅ ሊሠሩት የሚችሉት ዕቃ በመሆኑ ነው። ሳጥኑ ከጣውላ፣ ዘንጉ ከብረት ቧንቧ፣ ተጫዋቾቹ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ፣ እግሩም ከሞራሌ ይሠራል፤ ከቀን ፀሐይና ከማታ ጤዛ ጋር እየታገለም ለባለቤቱ የዕለት ጉርስ ያስገኛል። በሐዋሳ ጎዳናዎች ዳር የሚታየው ጆተኒ እንግዲህ መጫወቻም ነው፣ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያም ነው፤ አንዱ ዘንግ በጠመመ ዕለት የሚቆመው ጨዋታው ብቻ አይደለም፣ የባለቤቱ ገቢም አብሮ ይቆማል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጨዋታ መቆጣጠሪያም ቢሆን አጀማመሩ ከእንጨትና ከእጅ ሥራ የራቀ አልነበረም። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ስቲቭ ራስልና ባልደረቦቹ ስፔስዋር የተባለውን የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ፒዲፒ-1 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። ተጫዋቾቹ መርከቦቻቸውን የሚያዙት በኮምፒውተሩ ፊት ላይ በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች በመሆኑ ክርናቸው ይዝል ነበር፤ ማብሪያዎቹም ከማሳያው መስኮት ወደ አንድ ጎን ያደሉ ስለነበሩ አንደኛው ተጫዋች ከሌላው የተሻለ እይታ ያገኝ ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት አለን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በተቋሙ ከሚገኘው የሞዴል ባቡር ክበብ ሽቦና ማብሪያ ለቃቅመው፣ አካሉ ከእንጨት፣ ክዳኑ ከቤክላይት፣ ማለትም ሙቀትንና ኤሌክትሪክን ከሚቋቋም ጠንካራ ቀደምት ፕላስቲክ፣ የሆነ የእጅ ሳጥን ሠሩ። በሳጥኑ ላይ መርከቧን የሚያዞርና ሞተሯን የሚያስነሣ ሁለት ማብሪያ፣ እንዲሁም ቶርፔዶ የሚተኩስ አንድ ቁልፍ ነበረ፤ ቁልፉም ተቀናቃኙ የተኩሱን ሙከራ በጆሮው እንዳይለይ ድምፅ የማያሰማ ሆኖ ተመረጠ። ዛሬ ብዙዎች የመጀመሪያው የጨዋታ መቆጣጠሪያ የሚሉት ይህን በእጅ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ራልፍ ቤር የተባለው መሐንዲስ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ የሚሠራ የጨዋታ መሣሪያ ሞከረ፤ የዚህ ሙከራ ውጤት የሆነው ቡናማው ሳጥን እንጨት በሚመስል ተለጣፊ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነበር፤ እሱን መሠረት በማድረግም ማግናቮክስ ኦዲሲ የተባለው መሣሪያ በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ የእንጨትን ቦታ ወሰደ፤ በአንድ ቅርጽ በሚሊዮን የሚቆጠር አካል ማውጣት ስለሚቻልም ዋጋው ረከሰ። ይሁን እንጂ የፋብሪካው ቅርጽ ለአማካይ እጅ የተለካ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተለካ አይደለም። ጣቱ የጎደለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ተጫዋች በፋብሪካው ጆይስቲክ መጫወት ይከብደዋል። ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መቆጣጠሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሰዎች ለራሳቸው የሚስማማቸውን ቁልፍና ማንሻ ከውጭ እንዲያገናኙ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ በርካታ መሰኪያዎችን በጀርባው ላይ የደረደረው ይህን ፍላጎት በመገንዘብ ነው። በእንጨት የተሠራ፣ ለአንድ ሰው እጅ ብቻ የተለካ መቆጣጠሪያ ዛሬም ቦታ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲሰበርም በሌላ ሊተካ የማይችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመሥሪያው መንገድም ቀሏል። አርዱዊኖ የተባለው፣ በቀላል መመሪያ ሊታዘዝ የሚችል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የተሰራጨ ሲሆን፣ ሌዮናርዶ የተባለው ዓይነቱ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ገመድ ሲገናኝ ራሱን እንደ መተየቢያ ወይም እንደ ጆይስቲክ ማስተዋወቅ ይችላል። ስለሆነም አንድ የምህንድስና ተማሪ ከአናጢ ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ፣ ጥቂት ቁልፎችና አንድ ሰሌዳ ካገኘ የራሱን መቆጣጠሪያ መሥራት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሠሪው ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ወይም የሠራውን ለሌላ ሲያስተላልፍ፣ ዕቃው ስለ ውስጡ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይለያያል፤ በውስጡ የትኛው ሽቦ ከየትኛው ቁልፍ እንደተያያዘ የሚገልጽ ማስታወሻም አብዛኛውን ጊዜ አይኖረውም።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመጠገን የሚነሣ ባለሙያ ሦስት ዓይነት ጉዳት ሊያጋጥመው ይችላል፤ የእንጨቱ፣ የመጋጠሚያውና የኤሌክትሪኩ። ከሁሉ አስቀድሞ የእንጨቱን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ ለአየሩም ይሰጣል፤ እርጥበት ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ይህ ማበጥና መኮማተር በእንጨቱ ርዝመት፣ ማለትም በጭረቱ አቅጣጫ፣ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ በወርዱ ግን ጉልህ ነው፤ በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረውም ከመሐሉ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው በአብዛኛው እጥፍ ያህል ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐይቁ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ድርቀት እየተፈራረቁ በእንጨት ዕቃ ላይ ይህን ሥራ ያለማቋረጥ ይሠራሉ።

ይህ የእንጨት ባሕርይ በጥገና ላይ እንዴት እንደሚገለጥ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የእንጨት መቆጣጠሪያ ቁልፉ ተጭኖ አልመለስ ይላል እንበል። ልምድ የሌለው ጠጋኝ ቁልፉን አውጥቶ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገውና በነፃነት እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ችግሩ የተከሰተው በነሐሴ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ባበጠበት ወር ከሆነ ግን፣ ጥር ሲመጣ ያው ቁልፍ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀጫቀጫል፤ የተፈገፈገው እንጨትም አይመለስም። የበሰለ ባለሙያ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ችግሩ በየትኛው ወር እንደጀመረ፣ ዕቃውም ከመስኮት አጠገብ ወይም ከሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ክረምትን ካመለከተ ዕቃውን በጥላ ስር፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ለጥቂት ሳምንታት አቆይቶ፣ ከዚያም ያልተቀባውን የውስጥ ገጽ በቫርኒሽ ወይም በሰም አሽጎ እርጥበቱ የሚገባበትን በር ያጠባል። ሁለቱን ጠጋኞች የሚለያቸው የመሣሪያቸው ብዛት ሳይሆን ከመቁረጥ በፊት የመጠየቅ ልማዳቸው ነው፤ ሙያ በልብ ነው የሚባለውም ለዚህ ዓይነቱ ማስተዋል ነው።

መጋጠሚያው፣ ማለትም ሁለት እንጨቶች ወይም እንጨትና ብረት የሚገናኙበት ቦታ፣ ሁለተኛው የጉዳት ስፍራ ሲሆን፣ ለዚህ ጆተኒ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። የጆተኒ ዘንግ በሳጥኑ ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሽከረከራል፤ ተጫዋቹም ዘንጉን ሲስብ ወደ ታች ስለሚጫነው፣ ክብ የነበረው ቀዳዳ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየተበላ ሞላላ ይሆናል። ቀዳዳው በተበላ መጠን የእንጨቱ ሰው እግር ወደ ሜዳው ይቀርብና ወለሉን መፋቅ ይጀምራል። የችኮላው ጥገና በቀዳዳው ውስጥ የካርቶን ወይም የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ ነው፤ ይህም ብዙ ሳይቆይ ይወድቃል። የሚበጀው ጥገና ግን የተበላውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍቶ እንደገና ክብ ማድረግ፣ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት በልኩ የተጠረበ ቀለበት በኮላ ማስገባት፣ ኮላው በደንብ ሲደርቅም በቀለበቱ መካከል የዘንጉን ቀዳዳ ከፊተኛው ግድግዳ ቀዳዳ ጋር ትይዩ አድርጎ መብሳት ነው። ትይዩነቱ በትንሹ እንኳ ከተዛባ ዘንጉ ያዝ ያዝ ይላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ አናጢ ከመብሳቱ በፊት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱ ግድግዳዎች አሻግሮ መስመሩን በእርሳስ ያሰምራል። እንዲህ የተሠራ ቀለበት ሲበላ ግድግዳው ሳይነካ ቀለበቱ ብቻ ይለወጣል፤ ጥገናው ለሚቀጥለው ጠጋኝ መንገድ ጠርጎ አለፈ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት በኤሌክትሪኩ ላይ የሚደርሰው ነው። የአንድ ጆይስቲክ ማንሻ ብዙውን ጊዜ በሁለት ፖቴንሺዮሜትሮች ላይ ይቆማል፤ ፖቴንሺዮሜትር ማለት በካርቦን በተቀባ መንገድ ላይ የሚንሸራተት የብረት ምላስ ያለው፣ ምላሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ የሚለዋውጥ ክፍል ነው። ካርቦኑ በመፋተግ ሲያልቅ ወይም አቧራ ሲገባበት፣ ማንም ማንሻውን ሳይነካው በማሳያው ላይ ያለው ተጫዋች በራሱ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። ጠጋኙ በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሲለካው 10 ኪሎ ኦም የሆነ ክፍል ማንሻው መሐል ላይ ሲቆም ወደ 5 ኪሎ ኦም የተጠጋ ንባብ ማሳየት ሲገባው፣ ንባቡ ከዚያ ከራቀ ወይም ከዘለለ ጉዳቱ እዚያ እንዳለ ያውቃል። ዘላቂው መፍትሔ በአዲስ መለወጥ ወይም መፋተግ የሌለበትን የሆል ዳሳሽ መግጠም ነው፤ የሆል ዳሳሽ ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. ባገኘው የፊዚክስ ሕግ መሠረት የማግኔትን መቅረብና መራቅ የሚለይ ክፍል ነው።

ሦስቱ ጉዳቶች ተለያይተው ቢቀርቡም በተግባር እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ጥገናን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው። ያበጠ እንጨት ማንሻውን ወደ ጎን ከገፋው፣ የኤሌክትሪክ ጠጋኙ ደህናውን ፖቴንሺዮሜትር ጥፋተኛ አድርጎ ይለውጠዋል፤ የላላ የሊድ ብየዳ ቁልፉን አንዳንዴ አልሰማ ካሰኘው ደግሞ፣ አናጢው ደህናውን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ሁለቱም በየሙያቸው የተካኑ ሆነው ሳለ ዕቃው ከሁለቱም ቤት ተበላሽቶ ይወጣል። ስለዚህ የእንጨት መቆጣጠሪያ ጠጋኝ ፍለጋ በመሠረቱ አንድ ሰው ፍለጋ አይደለም፤ ሁለት እጆችን የማስማማት ሥራ ነው።

ሐዋሳ እነዚህን ሁለት እጆች ለየብቻቸው ታውቃቸዋለች። በከተማዪቱ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች የሚሠሩባቸው ናቸው። በገበያና በመናኸሪያ አካባቢዎች ደግሞ ጠባብ መስኮት ያላቸው፣ ካውያ፣ ማለትም የሊድ መበየጃ፣ እና ቴስተር ከጠረጴዛቸው የማይለይ፣ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሱቆች አሉ። በሐይቁ ዳር፣ በአሞራ ገደል አካባቢ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ የእንጨት ጀልባዎች ጋር የሚኖር ሌላ የጥገና ዕውቀት አለ፤ ውሃ ውስጥ የሚውል ጣውላ የሚያብጥበትንና የሚበሰብስበትን፣ ስንጥቁም የሚደፈንበትን መንገድ ከዕለት ሥራ የተማሩ ሰዎች ስለ እንጨትና ስለ እርጥበት የሚያውቁት ነገር፣ ለቤት ውስጥ የእንጨት ዕቃ ጠጋኝም ይጠቅማል። የጎደለው በእነዚህ ቤቶች መካከል ያለው መተዋወቅ ነው፤ አናጢው የካውያውን ቤት፣ ባለካውያውም የአናጢውን ቤት ለደንበኛው እንዲጠቁም የሚያደርግ ልማድ ገና አልጸናም።

ታዲያ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው ምን ሊያስተውል ይገባል? የመጀመሪያው ምልክት በሥራ ቤቱ ውስጥ የሚታየው ያረጀ ዕቃ ነው። አዲስ ብቻ የሚሠራ ቤት የመሥራት ችሎታውን ያሳያል፤ የሌላ ሰው ሥራ ተከፍቶ፣ ብሎኖቹ በቆርቆሮ ተለይተው፣ ክፍሎቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው የሚታዩበት ቤት ግን የመጠገን ልማዱን ያሳያል። ሁለተኛው ምልክት ጥያቄው ነው፤ ከላይ እንደተገለጸው፣ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ስለ አመጣጡ፣ ስለ ጊዜውና ስለ አያያዙ የሚጠይቅ ባለሙያ ይታመናል። ሦስተኛው ምልክት ሽቦ ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ ማንሣቱ ወይም በወረቀት ላይ ሥዕል መሳሉ ነው። አራተኛው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም ከሙያው ውጭ የሆነውን ክፍል ለይቶ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ለዚህ ሌላ ሰው አምጡ ለማለት መድፈሩ ነው። ሁሉን እችላለሁ የሚል ጠጋኝ በእጅ ለተሠራ ዕቃ አደገኛ ነው፤ በፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስሕተት በመለዋወጫ ሲታረም፣ በብቸኛ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን መታረሚያ የለውም።

ባለቤቱም የራሱ ድርሻ አለበት። ዕቃውን ለባለሙያ ሲያስረክብ ጉዳቱን በቃል ከመተረክ ይልቅ እየተጫወተበት ማሳየቱ፣ ገመዱንም አብሮ ማምጣቱ ይጠቅማል። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ተለይተው መነገር አለባቸው፤ ቀብድ ከተከፈለም በምን ላይ እንደሚውል መታወቅ ይገባል። መለዋወጫውን ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ቢያመጣ ክርክር ይቀንሳል። የጥገናውን ዋጋ ከአዲስ የፋብሪካ ጆይስቲክ ዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደርም ፍትሐዊ አይደለም፤ ለአንድ ሰው እጅ የተለካ ዕቃ ውስጥ የገባው ሐሳብና ጊዜ በገበያ ዋጋ የማይገለጽ በመሆኑ፣ የጠጋኙ ሰዓታትም በዚያው ልክ ሊከበሩ ይገባል። ከጥገናው በኋላ ባለቤቱ የተደረገውን ሁሉ፣ የትኛው ሽቦ ከየት እንደተያያዘ ጭምር፣ በአንድ ወረቀት ጽፎ በዕቃው ክዳን ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ሠሪው ያልተወውን ማስታወሻ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ተወለት ማለት ነው።

የእንጨት አቅርቦት ጉዳይም ሊታለፍ አይገባውም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጡት ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በደን መመናመን ምክንያት እየራቁ የሄዱ ዛፎች ናቸው፤ አዋጅ ቁጥር 94/1986 እነዚህን አራት ዛፎች ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. አዳዲስ የደን አዋጆች ወጥተዋል። ከዚህ አንጻር ያለውን የእንጨት ዕቃ መጠገን ለደኑም ጥቅም አለው፤ አንድ የዋንዛ ሳጥን ዕድሜው በእጥፍ ሲረዝም አንድ ሌላ ዛፍ ሳይቆረጥ ይተርፋል። ከአሮጌ በር፣ ከተሰበረ አልጋ የሚገኝ ቁራጭም ለዓመታት የደረቀ፣ ባሕርዩም የረጋ በመሆኑ፣ ለትናንሽ የጥገና ሥራዎች ከአዲስ ጣውላ ይልቅ ይመረጣል።

ከዕውቀትና ከዕቃ እጥረት ባሻገር የቆየ የአመለካከት ሸክም አለ። በኢትዮጵያ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው ለዘመናት ሥራቸው እየተፈለገ እነሱ ግን ሲናቁ ኖረዋል፤ በሲዳማም ሐዲቾ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ አዋቾ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ቱንቲቾ የሚባሉት ቀጥቃጮች ተመሳሳይ መገለል ደርሶባቸዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን መከልከላቸው፣ ችግሩ የመንግሥት አዋጅ እስከሚያስፈልገው ድረስ የከፋ እንደነበር ይመሰክራል። ዛሬ ስድቡ ቢቀርም ቅሪቱ በጥገና ላይ ይታያል፤ አዲስ ዕቃ የሚሠራው ሰው ባለሙያ ሲባል፣ የሚጠግነው ግን ሥራ ያጣ ሰው ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ አመለካከት ወጣቱን ከጥገና ያርቀዋል፤ ሙያው የሚወርሰው ሲያጣም በእጅ የተሠሩ ዕቃዎች ሁሉ የሠሪያቸውን ዕድሜ ብቻ እየኖሩ ያልፋሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆኑ ተቋማት ከሐዋሳ ሩቅ አይደሉም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ይሰጣል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ስለ ዛፍና ስለ እንጨት የዓሥርት ዓመታት ልምድ አለው፤ የሐዋሳ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም የእጅ ሙያ ያስተምራል። እነዚህ ሦስቱ ከከተማዪቱ አናጢዎችና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ጋር በየሩብ ዓመቱ አንድ የጋራ የጥገና ቀን ቢያዘጋጁ፣ ሰዎች የተበላሸ የእንጨትና የኤሌክትሪክ ዕቃቸውን ይዘው ቢመጡ፣ አናጢና ባለካውያ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሠሩ፣ ተማሪውም እያየ ቢመዘግብ፣ ትልቅ ገንዘብ ሳይወጣ ትልቅ ትምህርት ይገኝበታል። የሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ አስተዳደርም ጥገናን በሙያነት መዝግቦ፣ ማን ምን እንደሚጠግን የሚያሳይ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢያወጣ፣ ባለቤቱን ከመንከራተት፣ ባለሙያውንም ከሥራ ማጣት ያድናል።

በሥልጠናው ዘርፍም አንድ ለውጥ ያስፈልጋል። የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ አዲስ ወንበር በመሥራት ብቻ ሲመዘን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኝም አዲስ ዑደት በመገጣጠም ብቻ ሲመዘን፣ የሌላውን ሰው ሥራ ከፍቶ የማንበብ ችሎታ ሳይፈተን ያልፋል። ከመመዘኛው ላይ አንድ ክፍል ሠሪው ያልታወቀ፣ ንድፍ የሌለው የተበላሸ ዕቃ ተሰጥቶ ጉዳቱን የመለየትና በጽሑፍ የማስረዳት ፈተና ቢሆን፣ ማስተዋል እንደ ሙያ መቆጠር ይጀምራል። ገበጣም፣ ጆተኒም፣ የእንጨት ጆይስቲክም ለዚህ ፈተና የሚመቹ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸው አነስተኛ፣ አሠራራቸው ግልጽ፣ ስሕተታቸውም ወዲያው የሚታይ ነው፤ በትክክል ከተጠገኑ ይጫወቱባቸዋል፣ ካልተጠገኑም ማንም ሰው ያለ ዳኛ ይለየዋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከሞዴል ባቡር ክበብ በተለቀመ ማብሪያና በእንጨት ሳጥን የተጀመረው መሣሪያ ዛሬ የዓለም ኢንዱስትሪ ሆኗል፤ ያን ሳጥን የሠሩት ወጣቶች የነበራቸው ቁራጭ እንጨት፣ ሽቦና እርስ በርስ የመረዳዳት ልማድ ነበር። ሐዋሳ እንጨቱም፣ ሽቦውም፣ እጁም አላት። የሚቀራት መረዳዳቱን ሥርዓት ማድረግና ጠጋኙን በሠሪው ማዕረግ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሲሆን አንድ ተማሪ ለእጁ የሠራው መቆጣጠሪያ፣ አንድ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ጆተኒ፣ አንድ አያት የጠረቡት ገበጣ ሠሪያቸው በሌለበትም ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ወደ ማን መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ።